የአውራ ጣት ዱባ

«አሻራ» የሚለው ቃል በአገራችን ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። አንደኛው የክብር ነው፤ «በታሪክ ላይ አሻራውን አሳረፈ» እንላለን። ሁለተኛው የሚኖረው በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ሐምራዊ ቀለም አስነክቶ ከስሙ አጠገብ ይጫናል፤ ጣቱን በቁራጭ ወረቀት ጠርጎ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ሁለቱ ባለአሻራዎች በአንድ በር አይገቡም።

እናቴ ሁለተኛውን በሚገባ ታውቀዋለች። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ከቆጠሩት አንዷ ነበረች። ስሟን መጻፍ በቻለች ማግሥት አውራ ጣቷን ለቀለም ላለመስጠት ወሰነች። ከዚያ በኋላ አንድ ጸሐፊ አለባበሷን ዓይቶ የቀለሙን ቆርቆሮ ሲያስጠጋላት፣ «ልጄ፣ እስክሪብቶ ስጠኝ» ትል ነበር። ከዓመታት በኋላ ቨርጂኒያ ከምትኖረው እህቴ ጋር ለመሆን ስትሄድ ግን፣ ለጉዞው ወረቀት የተማረውም ያልተማረውም እኩል ጣቱን መሣሪያ ላይ አስቀመጠ። «እዚህስ ሁሉም መሃይም ነው» አለች ይባላል።

ባለፈው ጥቅምት እዚያው ልጠይቃቸው በሄድኩበት ጊዜ ነው የጣት አሻራ ሦስተኛ ኑሮ እንዳለው ያየሁት።

ወሩ ለእነሱ የቅጠል መርገፊያ ነው። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ እየፈረሰ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ቢጫው ብቅ ይላል። ቢጫው አዲስ መጥ አይደለም፤ በጋውን ሁሉ ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የከረመ ነው። በየደጁ ዱባ ይደረደራል። በእነሱ ኦክቶበር 31፣ በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን፣ ሃሎዊን ነው። ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ፍለጋ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በዓሉ ራሱ የስደተኛ ዕቃ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አይርላንዳውያን ይዘውት ገቡ። በአገራቸው ሥራ ሥር ፈልፍለው ያበሩት የነበረውን ፋኖስ አሜሪካ ሲደርሱ በዱባ ተኩት።

ሰሞኑን ልጆች በጣታቸው ሥዕል ይሠራሉ። ሙያ አይጠይቅም፤ በውኃ የሚለቅ ቀለም፣ ወረቀትና አንድ ቀጭን እስክሪብቶ ይበቃል። አውራ ጣት ብርቱካንማ ቀለም ነክቶ ሲጫን ዱባ ይወጣዋል፤ አናቱ ላይ አረንጓዴ ጭራ መጨመር ነው። ጥቁር አሻራ ስምንት እግር ሲሠራለት ሸረሪት፣ ክንፍ ሲሠራለት የሌሊት ወፍ ይሆናል። ለዛፍ ግንዱንና ቅርንጫፉን በቡናማ ሥሎ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካንማ ጣት እየደጋገሙ መርገጥ ነው፤ ጥቂቱን ከግንዱ ሥር ጣል ቢያደርጉት ቅጠሉ ረገፈ ማለት ነው። ኤድ ኤምበርሊ የተባለው አሜሪካዊ የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊ በ1977 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ መሣልን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ደግሞ በ1892 እ.ኤ.አ. ስለ አሻራ የጻፈው ሰውን ከሰው ለመለየት ነበር። አንዱ ጣት ለሁለቱም አገልግሏል።

እህቴ ሃሎዊንን አትወደውም። «ቀኑ የማርያም ነው፣ ምን ሰይጣን እናከብራለን?» ትላለች። ስለዚህ ዱባና ቅጠል ተፈቀደ፣ ሙት መንፈስ ተከለከለ። የስድስት ዓመቷ ልጇ ግን ጥቁር ወረቀት ላይ ነጭ አውራ ጣቷን ተጭና፣ ሁለት ዓይን ነጥባ ለአያቷ አሳየች። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አየችውና፣ «ይቺማ ነጠላ የለበሰች ባልቴት ናት» አለች። ክልከላው በዚሁ ፈረሰ።

ቀጥሎ ልጅቷ የብርቱካንማውን ቀለም አስጠጋችና፣ «እማማ፣ ጣትሽን ስጪኝ» አለቻት። እናቴ እጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች።

«ምኑ ላይ ነው የምፈርመው?»

እህቴና እኔ ተያየን፤ አልሳቅንም። ልጅቷ ጥያቄው አልገባትም። እሷ በምታውቀው ዓለም በጣት ቀለም መንካት ጨዋታ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። እጇን እንደዘረጋች ቆየች። በመጨረሻ እናቴ አውራ ጣቷን አውጥታ ሰጠች።

የልጅቷ ዱባ ጥርት ያለ ነበር። የእናቴ መስመሮቹ እዚህም እዚያም ተቆራርጠዋል፤ ዕድሜና የእጅ ሥራ የጣትን ሸንተረር ይፍቃል።

«የአንቺ ዱባ አርጅቷል» አለች ልጅቷ።

«የሚጣፍጠው ያረጀው ነው» አለች እናቴ። ከዚያም፣ «በይ አሁን እስክሪብቶ ስጪኝ» ብላ ከዱባው ሥር ስሟን በአማርኛ ጻፈች። ልጅቷ ምን እንደሚል ጠየቀች። እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ያን ምሽት አያቷ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ከሦስት ዱባዎች ሥር አስጻፈቻት።

ይህን የምተርከው ሃሎዊንን ወደ አዲስ አበባ ለማስመጣት አይደለም። እኛም ከቤት ቤት መዞር አናጣም፤ ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» እያልን ሙልሙል ተቀብለናል፣ ለእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ሥዕል እየሣሉ ለጎረቤት ያድላሉ። የእኛ መፀው ደግሞ የአበባ ወቅት ነው። ቢጫ ጣት በአንድ ነጥብ ዙሪያ ቢረግጥ ዓደይ አበባ ይወጣዋል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጳጉሜን ሥዕል የምትሠሩ ልጆች ያላችሁ ቤተሰቦች ሞክሩት። ሁለት መንትዮች እንኳ አንድ ዓይነት አሻራ የላቸውምና የአንዱ አበባ ከሌላው ጋር አይምታታም። ቤት ውስጥ አያት ካለች ግን ከሕፃናቱ ፊት እሷን ጠይቁ፤ እስክሪብቶውንም አጠገቧ አድርጉላት።