ጉባ ላይ በረደኝ ብል ማን ያምነኛል?

ጉባ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ሙቀቱና ግድቡ፣ አይደል? እኔም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለበት ቆላ መሆኑን እንጂ ብርድ እንዳለው የነገረኝ አልነበረም።

ለሥራ ሄጄ ማንኩሽ ከተማ አንዲት የጭቃ ቤት ተከራየሁ። ሐምሌ ገባና ጉዴ ፈላ! ግድግዳው ከሥሩ ራሰ፣ ፍራሼ ሻገተ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስስል ማደር ሆነ ሥራዬ።

«ጋሼ፣ ቤቱ እኮ ረጠበ» ብላቸው አከራዬ ፈገግ አሉና፣ «ክረምት አይደል ልጄ? መስከረም ሲጠባ ይደርቃል» አሉኝ። እስከዚያ የኔ ሳንባስ?

ማታ በር ዘግቼ ከሰል ላያይዝ ስል ጎረቤቴ ጮኸችብኝ። «በተዘጋ ቤት? ተኝተህ ትቀራለህ!» እውነቷን ነው፤ የከሰል ጭስ ይገድላል።

በማግስቱ ቤቱን ዞሬ አየሁት። ለካ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ይተኛል! አካፋ ተውሼ ዙሪያውን ቦይ ቀደድኩ። አልጋዬን ከግድግዳው አራቅሁ። ፀሐይ ብልጭ ስትል በርና መስኮት ከፍቼ ፍራሼን አሰጣሁ።

የሚያፈሰው ቆርቆሮ ግን የአከራይ ዕዳ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቤቱን በደህና ሁኔታ መጠበቅን የአከራይ ግዴታ ያደርገዋል። ታዲያ ሕግ ጠቅሼ አልተጣላሁም። «ጋሼ፣ ቆርቆሮውን እኔ ልግዛ፣ ከኪራዩ ይቀነስልኝ» አልኳቸው። አንገራገሩ... በኋላ ግን ጎረቤት ምስክር አድርገን በወረቀት ተፈራረምን። ሳሉም ለቀቀኝ።

እናንተም በበጋ ቤት ስታዩ አትታለሉ፤ የግድግዳውን ሥር እዩ፣ የውሃ ምልክት አይዋሽም። ከአከራይም ጋር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ!