ባትሪ ቢሞትም የሚከፈት በር



በክረምቱ እረፍት አጎቴ ጋራዥ ስለሠራሁት ሥራ የዶርም ልጆች ደጋግመው ስለጠየቁኝ በዚህች ገጽ ልጻፈው ብያለሁ። ኤሌክትሪካል ያልሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ስለ ሽቦው የሚያወራውን ክፍል ዘላችሁ ብታልፉም አልቀየምም።

አጎቴ ባትላሜራ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ የራሳቸውን መኪና ሲሠሩ ቆይተዋል። ቅርጹን በጀሶ አውጥተው አካሉን በፋይበር ግላስ ሠሩት። (ሰሌዳ ያገኛል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።) መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የአንዳንዶቹ የበር እጀታ ወደ ውስጥ የተደበቀ ነው። አጎቴ አይተው ወደዱት። «የኔም በር እጀታ አይኑረው፤ ሪሞት ስነካ ይከፈት» አሉና ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ከሱማሌ ተራ የገዛነው ያገለገለ የበር መቆለፊያ አለ። ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የመቆለፊያውን ማስለቀቂያ ይስበዋል። በሩ የሚያዝበት ነገር ስለሌለው፣ ሲለቀቅ ወደ ውጭ ገፋ የሚያደርገው ስፕሪንግም ያስፈልጋል። ሶሌኖይድ ለአፍታም ቢሆን ብዙ አምፒር ይስባል፤ የሪሞቱ መቀበያ ያን አይችልም። ስለዚህ መሐል ላይ ሪሌ፣ ባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ ይገባል። መኪናው እየሄደ ሪሞቱ ሳይታሰብ ቢነካ በሩ እንዳይበረገድ፣ የሞተሩ ቁልፍ ሲዞር የሪሞቱን መስመር የሚቆርጥ ሁለተኛ ሪሌ ጨመርኩ። አንድ ቀን ሙሉ የፈጀብኝ ኔጋቲቩ ነው። በብረት መኪና ኔጋቲቩን እዚያው አካሉ ላይ ታስረዋለህ። ፋይበር ግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ከእያንዳንዱ በር እስከ ሻንሲው የራሱን ሽቦ መዘርጋት ግድ ነው።

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ባትሪው ከሞተ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ባትሪው ጋ አይደረስም! ስለዚህ ከሌላ ባትሪ ኃይል የሚሰጥባቸው ሁለት የሽቦ ጫፎች ከፊት መከላከያው ሥር ደብቄ አወጣሁ። ሪሞቱ ከሌለ ኃይል ብቻውን በሩን ስለማይከፍት ሌባ ቢያገኛቸውም አይጠቅሙትም።

ይህ በውጭ ላለ ሰው ነው። በውስጥ ላለውስ? አደጋ ደርሶ ሽቦ ቢበጠስ፣ በቀጥታ ከመቆለፊያው ጋር የተያያዘ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ካቮ ከውስጥ ይኑር አልኩ። የብስክሌት ፍሬን ካቮ ይበቃል። አጎቴ ግን ለፍተው ያለበሱትን በር መብሳት አልፈለጉም። «የተጻፈብህ ከሆነ በካቮም አታመልጥም» አሉኝ። በቀደር እናምናለን፤ ሰበብ ማድረስም የታዘዝንበት ነው። የግመሏን ሐዲስ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እዚያ መኪና ውስጥ የምትቀመጠው የ6 ዓመት ልጃቸው ናት። ኹጥባ ላይ ስለ አማና ስንሰማ ሐሳባችን ወደ ገንዘብና ወደ ሚስጥር ብቻ ይሄዳል፤ እኔ ግን ያ የመኪና በር አማና መስሎ ነው የታየኝ።

ታላቅን መሞገት አደብ አይደለምና አልተከራከርኩም። ባትሪውን ፈታሁና «አጎቴ፣ እስቲ ገብተው ይውጡ» አልኳቸው። ስቀው ገቡ፤ በሩን ራሳቸው ዘጉት። የውስጡን መጫኛ ተጫኑ፤ ዝም። ደግመው ተጫኑ። የመስኮቱ መስተዋት ገና የማይወርድ ነበር። ትርፉን ባትሪ ተሸክሜ መጥቼ፣ ከመከላከያው ሥር አገናኝቼ፣ በሪሞቱ እስክከፍትላቸው ድረስ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። ሲወጡ ግንባራቸው ላብ አውጥቶ ነበር። ስለ ቀደር ምንም አላነሱም፤ «ካቮ ግዛ» ብቻ አሉኝ።

ሁለቱም በሮች አሁን ካቮ አላቸው። ያልተስማማነው በመሳቢያው ቦታ ነው። እሳቸው ውበቱ እንዳይበላሽ ከእጅ መደገፊያው ሥር ሸሽገውታል። እኔ ደግሞ ቀይ ሆኖ ፊት ለፊት ይታይ፣ ልጅቷ በጨለማም እጇን ስትዘረጋ ታግኘው እላለሁ። ለዒድ ስሄድ ቀይ ቀለምና መሰርሰሪያ ይዤ ነው የምሄደው፣ ኢንሻአላህ።