መስቀለኛ መንገድ በብስክሌት

ወተትና ጌሾ በብስክሌት ጭነን ወደ ባሕር ዳር የምንመላለስ ገበሬዎች ብዙ ነን። ከተማዋ ለጥ ያለች ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት ትመቻለች። የሚያስፈራን መንገድ ከመንገድ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። መስቀለኛው ላይ ሲደርስ ግን ይታጠፍ፣ ይቀጥል፣ ማን ያውቃል?

አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ የምትነዳው በቀኝ ነው። ስለዚህ እኛም ቀኛችንን ይዘን እንሄዳለን። አንዳንዱ ሰው «ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና እያየሁ ብሄድ ይሻለኛል» ይላል። ለእግረኛ እውነት ነው። ለብስክሌት ግን አይሆንም። ከጎን መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር የሚያየው መኪና ወደሚመጣበት ወደ ግራው ነው። በቀኙ በኩል ብቅ ብንል አያየንም።

ከሁሉ የከፋው የጭነት መኪና ነው። አንድ ጎረቤታችን እግሩን ያጣው በዚህ ነው። መኪናው መስቀለኛው ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ጎረቤታችን በቀኝ ጎኑ ገብቶ ቆመ። መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ጎማ ዱካ አይከተልም፤ ወደ ጥጉ ይጠጋል። ሾፌሩም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከጎኑ ሥር ያለውን አላየም። ጎረቤታችን ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ወተቱን የሚያመላልሰው ልጁ ነው፤ ትምህርቱን ወደ ማታ አዛውሮታል። እኛ አሁን ከጭነት መኪና ጎን አንገባም። ከኋላው እንቆማለን። ቢያጨስብንም ምን ይደረግ፣ እንችለዋለን።

ወደ ግራ ስንታጠፍስ? የለመደ ሰው ኋላውን አይቶ፣ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ወደ መሐል ይገባል። ሃያ ሊትር ወተት የጫነ ግን መሪውን በአንድ እጅ መያዝ ይቸግረዋል። እኛ ወርደን፣ ብስክሌቱን እየገፋን፣ በዜብራው እንሻገራለን። የከተማ ልጆች ይስቁብናል። ይሳቁ!

አደባባይ ላይ ከግራ የሚመጣውን እናሳልፋለን፤ ቀድሞ የገባ እሱ ነውና። ባጃጅ ደግሞ ሰው ለማንሳት ድንገት ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ እጃችን ከፍሬኑ አይለይም።

ጎህ ሳይቀድ ስንነሳ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት እናበራለን። ነጭ ጋቢም በጨለማ ይታያል፤ ግን ጫፉ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ወገባችን ላይ ጠበቅ አድርገን እናስረዋለን።