በሜሪላንድ ያየኋት ትንሽ ትምህርት ቤት

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ በጆርጂያ ጎዳና ወደ ሰሜን ያቀና ሐበሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ አገሩን የለቀቀ አይመስለውም። ቡና ሲቆላ ይሸታል፤ የሱቁ ሰሌዳ በአማርኛ ተጽፏል፤ እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ፣ ሽሮና በርበሬው በከረጢት ተደርድሮ ይሸጣል። ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ ኬምፕ ሚል የሚባል ሰፈር አለ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሁሉ ደጃፍ ላይ እንደቆመ፣ አባትና እናት ልጆቻቸውን አስከትለው በእግራቸው ወደ ምኩራብ የሚሄዱበት ሰፈር ነው። በኅዳር ብርድ ወደዚህ ያመጣችኝ በአካባቢው ያለች አንዲት ትንሽ የአይሁድ ትምህርት ቤት ናት። ከቤተ እስራኤል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ አይሁድ፣ ጎንደር ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የሄደች፣ አሁን እዚህ ዕብራይስጥ የምታስተምር ወዳጅ አለችኝ፤ «በሲግድ በዓል ሳምንት ና፤ ልጆቹ የአገሬን ሰው ይዩ» ብላ ጠራችኝ።

በሩ ላይ የታጠቀ ጥበቃ ቆሟል። ትምህርት ቤት ነው እኮ! መታወቂያዬን አገላብጦ አየ፣ ስሜን ከዝርዝሩ ጋር አመሳከረ፣ ቦርሳዬን ፈተሸ፤ ከዚያ በኋላ ነው የገባሁት። እ.ኤ.አ. በ2018 በፒትስበርግ ከተማ አንድ ታጣቂ በሰንበት ጠዋት ምኩራብ ገብቶ 11 ምእመናን ከገደለ ወዲህ በየአይሁድ ትምህርት ቤቱ ጥበቃው ጠንክሯል። ልቤ ከበደኝ። ትንንሾቹ ግን ጥበቃውን በስሙ እየጠሩ፣ መዳፉን በመዳፋቸው እየመቱ ይገባሉ። መቃኑ ላይ የተቸነከረችውን፣ በብራና የተጻፈ የኦሪት ቃል በውስጧ የያዘችውን መዙዛ ነክተው ጣታቸውን ይስማሉ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ እየተሳለመ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም።

ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ተማሪ ተደምሮ 100 አይሞላም። መጀመሪያ የተቀመጥኩበት አራተኛ ክፍል 11 ልጆች ነበሩት። አሥራ አንድ! እኔ ጎንደር ስማር በአንድ ዴስክ አራት ሆነን ተጣብበን፣ ክፍሉ ከ60 በላይ ልጅ ይዞ፣ መምህሩ የብዙዎቻችንን ስም ሳያውቁ ዓመቱ ያልቅ ነበር። እዚህ አንድ ልጅ ከቀረ ሁሉም ያውቃል። ቴአትር ሲዘጋጅ ሁሉም ይተውናል፤ የቅርጫት ኳሱ ቡድን ቁመት አይመርጥም፤ ዓይን አፋሯም ልጅ ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ትናገራለች። መደበቂያ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ያየሁትን ግን መቼም አልረሳውም። በአይሁድ ሥርዓት ሰኞና ሐሙስ በጠዋት ጸሎት ላይ ኦሪት ይነበባል፤ ለንባቡም አሥር ሰው መሙላት አለበት። ወንድ ልጅ በ13፣ ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ ትእዛዛቱን የመጠበቅ ኃላፊነት ይረከባሉ፤ ከአሥሩ የሚቆጠረውም ይህን ዕድሜ የደረሰ ነው፤ በዚህች ትምህርት ቤት ሴቶቹም ይቆጠራሉ። መምህራኑና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሲሰበሰቡ አንዱ መምህር መቁጠር ጀመረ። «አንድ፣ ሁለት» ግን አላለም፤ ከዳዊት መዝሙር አሥር ቃል ያለውን አንድ ጥቅስ እያነበነበ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል አደለ። ሰው እንደ ዕቃ አይቆጠርም፤ ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ የወረደው መቅሠፍት በእኛም መጽሐፍ ተጽፏል። ጥቅሱ ዘጠነኛው ቃል ላይ ቆመ። አንድ ሰው ጎደለ። ሁሉም በሩን ያያል። በዚያው ወር 13 ዓመት የሞላው ልጅ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጃኬቱ እንደተከፈተ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ብቅ ሲል ክፍሉ በሆታ ተቀበለው። ሞላ። የአንድ ልጅ መምጣት ያን ያህል ሰው ሲያስደስት አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የኦሪቱን ጥቅልል ሲከፍቱት ጠጋ አልኩ። ብራና ነው፤ ሽታው የአገሬን ዕቃ ቤት አስታወሰኝ። በላዩ 304,805 ፊደላት አሉ፤ ሁሉም በእጅ የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊው ዓመት ገደማ ይደክምበታል፤ ዋጋውም በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። አንዲት ፊደል ብትጠፋ እስክትታረም ድረስ አይነበብበትም። አንባቢዋ ልጅ ጣቷ ብራናውን እንዳይነካ በብር ዘንግ እየጠቆመች በዜማ ተወጣችው። ጥቅልሉ ላይ የአናባቢ ምልክት የለም፤ ድምፁንም ዜማውንም ቤቷ አጥንታ መምጣት ነበረባት። ግዕዝ፣ ካዕብ ብለን ሰባቱን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ለተቀበልን ለእኛ ድካሟ ያስደንቃል።

ከጸሎት በኋላ ቀኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ለዕብራይስጥ፣ ለኦሪትና የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክር ለተሰበሰበበት ለታልሙድ፣ ግማሹ ለሒሳብ፣ ለሳይንስ፣ ለእንግሊዝኛና ለታሪክ። ልጆቹም እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይቆያሉ። ስድስተኛ ክፍል ስገባ ጠብ የተነሣ መሰለኝ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተደፍተው ይሟገታሉ፤ መምህሩ ጣልቃ ሳይገባ በመካከላቸው ይዘዋወራል። የያዙት ስለ ጠፋ ዕቃ የሚናገረውን የታልሙድ ምዕራፍ ነው። የተበተነ ሳንቲም ያገኘ ለራሱ ይወስዳል፤ በቦርሳ ያለ ሳንቲም ያገኘ ግን ማስነገር አለበት፣ ቦርሳውን ባለቤቱ በምልክት ሊለየው ይችላልና። «ኮሪደር ላይ 20 ዶላር ባገኝስ?» ይላል አንዱ። «ስም የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ከሆነስ?» ትለዋለች ጓደኛው። «ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ትቶት ከሆነስ?» ይላል ሌላው ከወዲያ። ገጹን አየሁት፤ መካከል ላይ ዋናው ቃል፣ በአንድ ጎን የ11ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሊቅ የራሺ ማብራሪያ፣ በሌላው ጎን ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ክርክር። የእኛ መተርጉማን «አንድም» እያሉ ትርጉም በትርጉም ላይ የሚደርቡበት ጉባኤ ታየኝ። እኛ ዘንድ ግን ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚደርሰው ዜማውንና ቅኔውን ዘልቆ፣ ብዙ ዓመት በአብነት ትምህርት የደከመ ሰው ነው። እዚህ የ11 ዓመት ልጅ «ለምን?» ሲል የመምህሩ ፊት ይበራል። ቀናሁ።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሐሙስ የፒሳ ቀን ነው፤ ቁራጩ 4 ዶላር። የቀለጠ አይብና የተጠበሰ ቲማቲም ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። በአይሁድ ሥርዓት ሥጋና ወተት እንዳይገናኙ ተብሎ ወደ ግቢው ሥጋ ከነጭራሹ አይገባም። የጾሙን ድስት ከፍስኩ ለይታ የምታስቀምጥ እናት ስላሳደገችኝ ነገሩ ያለ ማብራሪያ ገባኝ። ሲጨርሱ ማንም ብድግ ብሎ አይሮጥም፤ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ እየደበደቡ ለበሉት እህል የምስጋናውን ጸሎት በዜማ ያደርሳሉ።

ከሰዓት በኋላ የሲግድ በዓል ሆነ። ሲግድ ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ቤተ እስራኤል ተራራ ወጥተው፣ ጾመው፣ ኦሪት በግእዝ ሰምተው፣ ከፈጣሪ ጋር የገቡትን ቃል ኪዳን የሚያድሱበት ቀን ነው፤ የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የአገር በዓል እንዲሆን በሕግ ደንግጎታል። ግድግዳው ላይ ቄሶቹ ጥላ ዘርግተው ወደ አምቦበር ኮረብታ ሲወጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እግሬ ተሳሰረ። ጎንደር ዙሪያ ያለ አፈር፣ እኔ የማውቀው ቀለም፣ ሜሪላንድ ውስጥ! ወዳጄ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ካጓጓዙት አውሮፕላኖች በአንዱ ላይ ሕፃን ነበረች፤ መቀመጫው ተነቃቅሎ ሰው ወለሉ ላይ ተጠጋግቶ እንደተቀመጠ ስትናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ተራዬ ደርሶ ስለ ወለቃ ነገርኳቸው፤ ከጎንደር ወጣ ብሎ መንገድ ዳር የሸክላ ዕቃ ስለሚሸጥበት፣ ምኩራቡ ቆሞ የአምልኮ ድምፅ ስለማይሰማበት መንደር። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ተራራውስ አሁን ማን ይወጣዋል?» መልሱ ከጉሮሮዬ ተናነቀኝ። አብዛኛው ሰው ሄዷል፣ ጎንደር ውስጥ ግን ዛሬም ለመሄድ የሚጠባበቁ፣ የሚጸልዩ ቤተሰቦች አሉ አልኳት። ጎረቤቶቻችን ምን ያህል እንደጎደሉን የተሰማኝ ባሕር ተሻግሬ፣ በአንዲት ሕፃን ጥያቄ ነው።

ዓርብ ስመለስ ሕንጻው በዳቦ ሽታ ታውዷል። በወተት ፈንታ በዘይትና በእንቁላል የተቦካ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የሰንበት ዳቦ፣ ሃላ የሚሉት፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጋግሮ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ በሰፈሩ ሱቅ ውስጥ አንዱ በ7 ዶላር ይሸጣል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ለችግረኛ የሚሆን ሳንቲም በየተራ ወደ ቆርቆሮ ሣጥን ይጨምራሉ። በኅዳር ፀሐይ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ቤቱ እንዲደርስ ትምህርቱ በጊዜ ያልቃል።

ይህ ሁሉ በነጻ የሚገኝ አይደለም። በዚህ አካባቢ ባሉ የአይሁድ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ ከ20,000 ዶላር መብለጡ የተለመደ ነው፤ ጎረቤት ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ምንም አያስከፍልም። ስለዚህ ያለው ለሌለው ያዋጣል፣ የተቸገረ ቤተሰብ ቅናሽ ያገኛል፣ ወላጅ ከአዲስ መኪናና ከዕረፍት ጉዞ ቀንሶ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2018–19 በተደረገ ቆጠራ በአሜሪካ 906 የአይሁድ ትምህርት ቤቶች ከ292,000 በላይ ልጆችን ያስተምሩ ነበር፤ ከትምህርት ቤቶቹም ብዙዎቹ እንደዚህች ትንሽ ናቸው። ማነሳቸው አልዘጋቸውም።

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ወገኖቼ የምለው ይህንኑ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በሳምንት አንድ ቀን ፊደል ለማስቆጠር የሚደክሙትን ድካም አውቃለሁ፤ አከብረዋለሁም። ግን በሳምንት አንድ ቀን ልጅን ከአያቱ ጋር አያነጋግርም፤ ከዳዊቱና ከቅኔው ጋርማ ጭራሽ አያገናኝም። እኛ ከእነዚያ 11 ልጆች ወላጆች በቁጥር አናንስም። ሰው እስኪበዛ፣ ሕንጻ እስኪገዛ አንጠብቅ። አሥር ልጅ ካለ ትምህርት ቤት መክፈት ይቻላል፤ እንጀምር።