ጠያቂና ተጠያቂ

እንግሊዝኛው «ኩዌስችን» የሚለውን ቃል ያገኘው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ነው። ሥሩ «ኩዌሬሬ» ሲሆን ትርጉሙ መፈለግም መጠየቅም ነው። ላቲን ተናጋሪው የጠፋ በጉን ሲፈልግም፣ ጎረቤቱን «አላየህም ወይ?» ሲልም ግሡ ያው አንዱ ነው። ደስ አይልም? ጠያቂ ማለት የጠፋበት ነገር ያለው ሰው ነው ብዬ ብዙ ቀን ስደሰትበት ከረምኩ።

ነገር ግን ቃሉ ሮም ውስጥ ሌላም ሥራ ነበረው። ከዚያው ሥር የወጣው «ኩዌስቲዮ» ጥያቄ ነው፤ የፍርድ ምርመራ ነው፤ ማሰቃየትም ነው። ባሪያ በፍርድ ቤት የሚሰጠው ቃል ባብዛኛው የሚቀበሉት በሥቃይ የወጣ እንደሆነ ነበር። ፈረንሳዮችም ቃሉን ከነጉዱ ወረሱት። ሉዊ 16ኛ በ1780 እና በ1788 እ.ኤ.አ. በሁለት ዙር እስኪሽረው ድረስ «ላ ኬስቲዮን» የፍርድ ቤት ማሰቃያ ስም ነበር። አንሪ አሌግ አልጄሪያ ውስጥ በፈረንሳይ ወታደሮች እጅ የደረሰበትን በ1958 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ ርዕሱን በዚሁ ቃል ሰየመው። ሌላ ቃል ምን ያደርግለታል!

«ሮጋሬ» የሚሉት የመጠየቂያ ግሥም ነበራቸው። የሮም ሹም ሕግ ሲያወጣ ሕዝቡን ይጠይቅ ነበርና ረቂቁ «ሮጋሲዮ» ይባላል። ጨዋ ግሥ ነበር። እሱም ቢሆን ተንከባልሎ «ኢንተሮጌሽን» ሆነ፤ ፖሊስ ጣቢያ ገባ ማለት ነው።

የኛው «ጠየቀ»ስ? በግእዝ መመርመርና ማረጋገጥ ነው፤ «ጥዩቅ» የተረጋገጠ ማለት ነውና። በአማርኛ ግን ሰፋ። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ ልጅ ለጋብቻ ትጠየቃለች። ተማሪው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲወጣ፣ በ1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ ደግሞ፣ ጥያቄ ማለት «ንገሩን» ሳይሆን «ይሰጠን» ሆነ።

አያቴ በ1970 ዓ.ም. ለታሰረ ታናሽ ወንድሟ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ያንን ጊዜ ስታነሣ «ልጠይቀው ስሄድ» ትላለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሌሊት ሌሊት ይጠይቁት ነበር» ትላለች። በር ላይ እሷ ጠያቂ፣ ውስጥ እነሱ ጠያቂዎች። አንድ አጥር፣ አንድ ግሥ።

እኒያ አጎት ዛሬም አሉ። ጥያቄ አይወዱም። «ምሳ በሉ ወይ?» ቢባሉ እንኳ መጀመሪያ የሚያዩት የጠያቂውን እጅ ነው። ታሪክ የሚያጠኑ ጓደኞቼ ድምፃቸውን ቅዳ፣ አለዚያ ይጠፋል እኮ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በላቲኑ ብንሄድ የጠፋውን መፈለግ ነው። ግን እሳቸው ፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚያስታውሳቸው ማን ያውቃል? የዚያ ሌሊት ሰዎችም እኮ የሚሉትን ይጽፉ ነበር።

ለአያቴ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣

«ሂድ ጠይቀው፤ ግን እንዳትጠይቀው» አለችኝ።

እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ። እንቀመጣለን፤ ሬዲዮ እንሰማለን። ባለፈው እሁድ ብርቱካኑን እየላጡ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ እዚያ አንዷን ብርቱካን ለስንት ሰው ይካፈሏት እንደነበር ነገሩኝ። ለዘጠኝ።