ገንዘቡን መልሺላቸው!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለጥቂት ዶላር ስል ሰው ላስፈጅ ነበር! አሜሪካ ሳለሁ የእህቴ ባል በስቲርማን አውሮፕላን ሰው እያዞረ አገር ያሳይ ነበር። ስልክ የማነሳው፣ ሂሳብ የምቀበለው እኔ ነኝ። ስቲርማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ለወታደር አብራሪዎች ማሠልጠኛ የተሠራች ባለ ድርብ ክንፍ ናት፤ ክንፏ በእንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፣ ጣሪያ የሚባል የላትም። ተሳፋሪው ከፊት፣ አብራሪው ከኋላ ይቀመጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ነፋሱ ከጎን በረታ። የወሩ ኪራይ ደርሷል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከፍለው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ዙር ብቻ!» ብዬ ለመንኩት።

«ስታርፍ ነፋስ ከጎን ከመታት እንደ እንዝርት ነው የምትሾረው። ገንዘቡን መልሺላቸው» አለኝ።

መለስኩ፤ አኮረፍኩም።

በሳምንቱ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከች! «ልጅ የሚሰጠው እምቢ ለሚል አብራሪ ነው» አሉኝ።

እናንተ ነጋዴዎች፣ ለካ እምቢ ማለትም ደንበኛ ያመጣል!