ሎሚና እብነ በረድ

ከመተማ ተሻግረን ገዳሪፍ የተከራየናት ቤት፣ የእጅ መታጠቢያዋ ዙሪያ ነጭ እብነ በረድ ነበር። በሠርግ ሰሞን የተበጠበጠ ሂና በሳህን አድሮበት ጠዋት ሳነሣው ብርቱካንማ ቀለበት ቀረ። የሰው ቤት ነውና ደንግጬ ሎሚ ቆርጬ ፈተግኩት። ሂናው ንቅንቅ አላለም። ድንጋዩ ግን ወዙ ተገፈፈ፤ በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ዘር ነው፤ ሎሚም ኮምጣጤም ይበላዋል።

ሱዳናዊት ጎረቤቴ «ያ ኡኽቲ፣ ምነው ብትጠይቂኝ!» አለችኝ። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ለውሰን ለጠፍንበት፣ በፌስታል ሸፍነን አሳደርነው። በሦስተኛው ሌሊት ሂናው ፈዘዘ። የሎሚው ጠባሳ ግን ቤቱን እስክንለቅ አልጠፋም። እህቶቼ፣ እባካችሁ እብነ በረድ ላይ ሎሚ አታሳርፉ።